ፋይሉ አለ፤ ይተካ?

ጡረታ የወጡት የመዝገብ ቤት ሹም ላፕቶፓቸውን በፌስታል ይዘው ከኮምፒውተር ጥገና ቤቱ ሲወጡ፣ ከእህታቸው ልጅ ጋር በሩ ላይ ግጥም አሉ። የኮምፒውተር አስተማሪ ናት፤ የማተሚያ ቀለም ልትገዛ ነበር የመጣችው።

«ጋሼ! ምነው ፊትዎ ጠቆረ?»

«ይሄ ሌባ ኮምፒውተር የባለቤቴን ድምፅ በላብኝ፣ የኔ ልጅ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለቤታቸው ታመው ሳሉ፣ ለምትወለደው የልጅ ልጃቸው ይሁን ብለው ሰባት ቀን ከሰዓት በኋላ የሕይወታቸውን ታሪክ እየተረኩ ድምፃቸውን አስቀድተው ነበር። ሹሙም በአደራ ተቀበሉ። ባለቤትየዋ ሞቱ፤ ልጃቸው ልትወልድ አንድ ወር ቀራት፤ ኮምፒውተሩ ግን ከሰባቱ አንዱን ብቻ ያሰማል።

የእህታቸው ልጅ ደጅ ካለው አግዳሚ ላይ አስቀምጣቸው ላፕቶፑን ከፈተች። ስክሪኑ በፋይል ተወሯል።

«ይሄ ሁሉ ለምን ሜዳ ላይ ተበተነ? ማህደር ከፍተው ለየብቻ ቢያስቀምጡት ምን ነበረበት?»

«ሠላሳ ዓመት ፋይል ስደረድር ኖሬ ዛሬ አንቺ ልታስተምሪኝ? የሷን አልበተንኩም። በስሟ አንድ ፋይል ከፍቼ ሰባቱንም እዚያው አስገብቻለሁ።»

ልጅቷ ከስክሪኑ ቀና አለች። «እንዴት አድርገው?»

«በተቀዳ ቁጥር በዚያው በስሟ አስቀምጠዋለሁ። ‹በዚህ ስም ፋይል አለ› ይለኛል። አዎ አለ፣ ራሴ ነኝ የከፈትኩት ብዬ እሺ እለዋለሁ።»

«ከሥሩ ‹ይተካ?› የሚለውንስ አንብበውታል?»

ሹሙ አላነበቡትም። ወይ ጉድ! ስንቱን ጸሐፊ ‹እስከ ታች አንብብ!› እያሉ ያስለቀሱ ሰው!

«ጋሼ፣ በእርስዎ መዝገብ ቤት ፋይል ማለት ብዙ ደብዳቤ የሚይዘው ነው። እዚህ ግን ፋይል አንዷ ደብዳቤ ናት፤ ብዙውን የሚይዘው ማህደሩ ነው። አዲሱን ባስቀመጡ ቁጥር የፊተኛው ጠፍቷል።»

«ስድስት ጊዜ?»

«ስድስት ጊዜ።»

«ጠጋኙም የተተካ አይመለስም አለኝ» አሉ። «እባክሽ ማሽኑ ነው የበላው በይኝ።»

«ብልዎት ደስ ባለኝ።»

«ይሄን እያወቅሽ የት ነበርሽ ታዲያ!»

«ባለፈው ዓመት ላሳይዎት ብል፣ ‹ለመዝገብ ቤት ሹም?› ብለው ስቀውብኛል።»

እውነቷን ነው፤ ስቀዋል። ሹሙ መነጽራቸውን ወልውለው፣ «በይ አሳዪኝ» አሉ።

አሳየቻቸው። ማህደሩ በባለቤታቸው ስም ተከፈተ፤ ለእያንዳንዱ ፋይል የራሱ ስምና ቀን፤ አንድ ቅጂ በፍላሽ፣ አንድ ቅጂ ልጃቸው ዘንድ። እንዲህ ያደረገ ሰው የፈለገውን ሳይደናበር ያገኛል፤ ማሽኑ ቢሰበር አደራው አይሰበርም፤ ሲጠየቅም አንብቦ ነው እሺ የሚለው። ሹሙ አሁን ከልባቸው አመኑ፤ ምን ያደርጋል!

የቀረችውን ፋይል ራሳቸው «ሰባተኛ» ብለው ሰየሟት።

«ጋሼ፣ አንድ ብቻ ስትሆን ቁጥር ምን ያደርግላታል?»

«የልጅ ልጄ ስታድግ ስድስቱ የት ሄዱ ብላ ትጠይቀኝ። እሺ ብዬ አጠፋኋቸው እላታለሁ።»

ቅጂው መሥራቱን ለማየት ልጅቷ ከፈተችው። የሟቿ ድምፅ ደከም ብሎ ወጣ፦ «የኔ እናት፣ እስከ ትናንት የነገርኩሽን አልደግመውም፤ አያትሽ አስቀምጦልሻል።»