አሥራ አንድ ዝምተኛ ፍየሎች

እንዴት አደርሽ ልጄ! ግቢ፣ ግቢ… ውሻውን አትፍሪው፣ ጥርሱ ካለቀ ሦስት ዓመቱ ነው፤ የሚጮኸው ለወጉ ነው። እዚህ ወንበር ላይ ተቀመጪ። ያኛው አይሆንም፣ ባለፈው በጋ አንድ ፖስተኛ ጥሏል።

ሚንቶኒያ እባላለሁ። ሰማንያ አራት ዓመቴ ነው፤ ለእንግዳ ሲሆን ግን ዘጠና ስድስት ነኝ እላለሁ፣ ደስ ይላቸዋል። እህ… ይቺን አትተርጉምላት ልጄ። ተረጎምካት? አይ፣ ሳቀች! እንግዲያው ጎበዝ አስተርጓሚ ነህ። ላረፈችበት ጎጆ ባለቤት አንተ፣ ቁልፍ ሰጪ አንተ፣ አስተርጓሚም አንተ… ይሄ ሁሉ ጉልበት ከየት ይመጣል? በየሳምንቱ እንግዳ ይዘህልኝ ትመጣለህ፤ አይብ ታስቀምሳቸዋለህ፣ ከአይቡ ቀጥሎ እኔን ታሳያቸዋለህ። ቅር አይለኝም። እኔም አይቡም ቆየት ብለናል።

ስምሽ ጉድሩን ነው አይደል? በይ ጉድሩን፣ ከጀርመን ድረስ ባህር ተሻግረሽ እኛ ሳርዲኒያ መጥተሽ፣ እንቅልፉ እንዴት ነው? ጥሩ? እንዴታ! ከላይ ተራራ፣ ከሥር ባህር፣ መካከል ላይ አንቺ። የመኪና ጩኸት የለ፣ መብራት የለ… «ያልተነካ አገር» አይደል የሚሉት? እኛ ስንት ዘመን ስንረግጠው ኖረን ያልተነካ መባሉ ይገርመኛል፤ እግራችን ቀላል ነው መሰለኝ።

ጸጥታውስ! እዚያ በራፉ ላይ ተጽፏል አሉ፦ «ከማዕበሉ በቀር ምንም አይሰማም።» እውነት ነው። እኔም ሰሞኑን ምንም አልሰማሁም። …ምነው፣ ትርጉሙ ዘገየ?

አይቡን ቅመሺ። በደረቁ ቂጣ አድርጊው። ወይን ጠጅም ይኸው፤ ገና ረፋድ ነው አትበይኝ፣ እዚህ አገር ሰዓት የሚጠይቅ ሐኪም ብቻ ነው።

እስክትበዪ አንድ ነገር ላጫውትሽ። አንድ ሰው አለ… ማን መሆኑ ምን ያደርግልሻል። አስተርጓሚሽም አያውቀውም። ታውቀዋለህ እንዴ ልጄ? አየሽ፣ አያውቀውም። ደግ ሰው ነው። ስለ እንግዶቹ እንቅልፍ ሲጨነቅ፣ እናት ለልጇ እንዲህ አትጨነቅም! አንዷ እንግዳ «ማለዳ ማለዳ ቃጭል ይቀሰቅሰኛል» ብትለው እሱም አብሯት እንቅልፍ አጣ።

የምን ቃጭል? የባሌ የባኪዚዮ ፍየሎች ነዋ። አሥራ አንድ ፍየል፣ አሥራ አንድ ቃጭል፣ እያንዳንዱ የየራሱ ድምፅ አለው። ባሌን ዓይኑ ከከዳው ዘጠኝ ዓመት ሆነው። ባለፈው ፋሲካ ቄሱን በጥቁር ቀሚሳቸው ከኋላ አየና እኔን መስለውት መቀመጫቸውን ቸብ ቸብ አደረጋቸው። እሳቸውም እስኪጨርስ ጠበቁት፣ እግዚአብሔር ይስጣቸው። ተራራ ላይ ግን ዓይኑ ጆሮው ነው። ጉሙ ከባህር ተነሥቶ ገደሉን ሲሸፍነው፣ ሌላው እረኛ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ ቅዱሳንን ሲለማመን፣ የኔ ሽማግሌ ቆም ይልና፦ «ፍየሏ ሲኞራ ከጥዱ ሥር ናት፤ አንካሳዋ ወደ ገደሉ ተጠግታለች፤ ያ ቀንዳሙ ደግሞ የሰው አትክልት ውስጥ ገብቷል» ይላል። ተሳስቶ አያውቅም።

እንዲያውም ዛሬ ሠላሳ ዓመት ይሆናል፣ አንድ የሰፈር ሕፃን ጉም ውስጥ ጠፋ። ሰባት ዓመቱ ነው። እናቱ ፀጉሯን ነጨች። ባኪዚዮ አልጮኸ፣ አልተጣራ፤ ዝም ብሎ ፍየሎቹን ቀስ አድርጎ ወደ ታች ነዳቸው። ሕፃኑ ቃጭሉን ተከትሎ፣ ሱሪውን አርጥቦ፣ እዚሁ ደጃፍ ድረስ መጣ። የት ደረሰ ትዪኝ ይሆናል። አድጎ ሰው ሆነ አሉ። ጎጆ ያከራያል ሲሉም ሰምቻለሁ። …ልጄ፣ ሱሪውን ማርጠቡን ተረጎምክላት? እንዳታጎድልባት፣ አደራ።

እና ያ ደግ ሰው ምን አደረገ? ፍየሎቹን አንድ በአንድ እያሳደደ እየያዘ ቃጭላቸው ውስጥ ጨርቅ ወተፈበት። አሥራ አንዱንም! ይሄ ቀልድ ነው? ፍየል አባረሽ ታውቂያለሽ? ስንቴ እንደወደቀ የሚያውቁት እግዚአብሔርና ክርኑ ናቸው። የአስተርጓሚሽም ክርን ተልጧል፣ ምስኪን። እሱ እንኳ ከደረጃ ወድቆ ነው። አይደል ልጄ?

ማክሰኞ ዕለት ባኪዚዮ ተራራ ወጣ። ጆሮውን ቀና አደረገ… ምንም። ባህሩ ብቻ። ፀሐይ እስክትጠልቅ ቆሞ አዳመጠ። ከዚያ ከዘራውን እየጎተተ ወረደና፦ «ሚንቶኒያ፣ መጀመሪያ ዓይኔ ሄደ፤ ዛሬ ጆሮዬም ተከተለው» አለኝ። «ታዲያ እኔን እንዴት ትሰማኛለህ?» ብለው፣ «አንቺንማ ሙታንም ይሰሙሻል፤ የጠፋብኝ ሩቁ ነው» አለ። አለና አለቀሰ። ሃምሳ ዘጠኝ ዓመት አብረን ስንኖር ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም፤ ሙሽራ ሆኜ የሠራሁትን ሾርባ ሲጠጣ እንኳ አላለቀሰም።

ሐሙስ ዕለት ሲኞራ ጨው ፍለጋ መጣች። አንገቷን ብዳብሳት ቃጭሏ አፉ ሙሉ ነው። ከውስጡ ይቺን ጎተትኩ… እያት እስቲ። የነጭ ፎጣ ቁራጭ! ጫፏ ላይ ሰማያዊ ማዕበል የተጠለፈባት። እንዴት ያለች ወፍራም ናት! ለፍየል የማይሰስት ሰው አየሽ? …የአንቺስ ፎጣ ደህና ነው? ትናንት ከባህር ስትወጪ ከዚህ አይቼሽ ነበር፤ ፊትሽን ስትሸፍኚ ኋላሽ፣ ኋላሽን ስትሸፍኚ ፊትሽ። ታጥቦ አጥሮባት ይሆናል አልኩ። ዓሣ አጥማጆቹም እንደዚያው አሉ፤ ለማረጋገጥ ሁለቴ ተመለሱ።

ጨርቁን ለባሌ አሳየሁት። «ልታጽናኚኝ ራስሽ የቀደድሽው ነው» አለኝ። ከዚህ በፊት አንድ ሁለቴ ዋሽቼዋለሁ፣ አልክድም። ቀሪዎቹ አሥሩ ተራራ ላይ ናቸው፤ በዚህ ጉልበቴ ፍየል ላሳድድ? እሱም ሁለተኛ አልወጣም ብሏል። ዛሬ እኩለ ቀን ላይ ነጋዴው በጭነት መኪና ይመጣል። ሊሸጣቸው ነው… ሁሉንም። ባኪዚዮ ያለ ፍየል፣ ጉድሩን፣ እስከ ገና አይቆይልኝም።

እኔን አያምነኝም። ከፎጣው ባለቤት አፍ ቢሰማ ግን ያምን ነበር… ግን ከየት ተገኝቶ? እንዲህ ያለ ሰው ሥራው ብዙ ነው። እንግዳ ፊት ማፈርም አለ። እኔም ስሙን አልጠራም፤ የሰው ስም ለምን ላጥፋ? በሩ ግን ያውልሽ፣ ክፍት ነው። ሽማግሌው ውስጥ ተቀምጧል። ይሄን ብቻ ነው የምለው።

ምነው ልጄ? ጨርስላት እንጂ። …ወዴት ነው?

ገባ! አየሽው? እንግዲህ እኔና አንቺ ያለ ቋንቋ ቀረን። ጠጪ፣ ለዚህ አስተርጓሚ አያስፈልግም። እስቲ ዝም በይ… እያወራ ነው። ቀስ ብሎ ነው የሚያወራው…

ሰማሽ? ሰማሽ! ተሳደበ! የኔ ሽማግሌ! አያቱን ሰደበው… የአያቱን አህያ ሰደበው… አሁን ጎጆዎቹ ላይ ደርሷል! አንዲት ስድብ አልረሳም እኮ! እንዲህ እየተሳደበ ፍየል የሚሸጥ ሰው የለም። ይኸው ወጡ። በአንድ እጁ ከዘራውን፣ በሌላው የአስተርጓሚሽን ጆሮ ይዟል። ጨርቁን ሊያስለቅመው ነው ተራራ የሚያወጣው። ነጋዴው ይምጣና አይብ በልቶ ይመለስ።

ቀስ ብላችሁ ውጡ! …አሁን የምለው አንቺን አይገባሽም ጉድሩን፤ ብቻ ጮክ ብዬ ልበለው፣ መንገድ ላይ ያለም ይስማው። ያንን ደግ ሰው፣ ማንም ይሁን ማን፣ እግዚአብሔር ዕድሜ ይስጠው። መቶ ዓመት ይሙላ። ጆሮው እስከ መጨረሻዋ ቀን ጥርት ይበልለት፤ ቅጠል ስትወድቅ እንኳ ይስማ። ቤቱንም እሱ እንደሚወደው ጸጥ ያለ ያድርግለት፦ በሩን አንኳኩቶ የሚያስቸግረው አይምጣ፣ ልጅ አይንጫጫበት፣ ሲያመሽ የት ቀረ ብሎ የሚጣራ አንድም ሰው አይረብሸው። አሜን በይ ልጄ፣ አሜን በሁሉም ቋንቋ አንድ ነው።