ጋራው ላይ የቀረው ክታብ

ወደ ኤረር በር ልሄድ ከፈላና በር በተሳፈርኩበት ታክሲ ውስጥ፣ ከኋላዬ የተቀመጠ አስጎብኚ አክስቱን ይዞ የታመመች ልጁን ሊያሳያቸው ይሄዳል።

«ያን ቀን የማስጎበኘው ፈረንጅ ስልኩን እያየ ይመራል፣ እኔ ውሃ ተሸክሜ እከተላለሁ። ከኤረር በረሃ ማዶ ያለውን ጋራ እኮ ነው የወጣነው። ግማሽ ላይ ውሃው አለቀ። ወላሂ።»

«ምን ፍለጋ?»

«ድንጋይ ስር የተደበቀች የቆርቆሮ ሣጥን። አንዱ ደብቋት ይሄዳል፣ ሌላው በስልክ እየተመራ ያገኛታል። ጨዋታ ነው አለኝ።»

«ለጨዋታ ብሎ በረሃ የሚቃጠል ማን ነው? ውስጧ ምን አለ?»

«ትናንሽ ዕቃ። አንድ የወሰደ ከራሱ አንድ ይተካል። ደንቡ ነው።»

«አንተም ወሰድክ?»

«አንዲት ዓይን የተሳለባት ሰማያዊ የመስታወት ዶቃ። ለልጄ ታምራለች ብዬ።»

«አስተግፊሩላህ። ምን ተካህ?»

«ኪሴ ባዶ ነበር።»

«ምን ተካህ ነው የምልህ።»

«እርስዎ ያሰሩልኝን ክታብ።»

«ጠጠር አጥተህ ነው?»

የአክስቱ ድምፅ ዝቅ አለ።

«ዶቃዋ አሁን የት ናት?»

«ልጅቷ አንገት ላይ።»

«ትኩሳቱ መቼ ነው የጀመራት?»

«እሁድ ማታ።»

«ጋራውን የወጣችሁትስ?»



«እሁድ ጠዋት።»

ኤረር በር ደርሰን «ወራጅ» እስኪባል ድረስ፣ እጄ አንገቴ ላይ ያለውን ማተብ እንደጨበጠ ነበር።