የባትሪውን ገመድ ማን እንዳገናኘው

ቃል ሰጪ፦ በሥራ ቦታዋ «እትዬ መርፌ» ተብላ የምትጠራ
ዕድሜ፦ 46
ሥራ፦ የመኪና ወንበር ልብስ ሰፊ
አድራሻ፦ ከጋራዦቹ መደዳ፣ ከጎማ ጠጋኙ ቀጥሎ ያለው በር
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ማክሰኞ፣ ከሰዓት በኋላ
ጉዳዩ፦ መኪና ውስጥ በተነሣ ጭስ በሰው ላይ ስለደረሰ ጉዳት

እኔ ከላይ የተጠቀስኩት ምስክር ከታናሽ ወንድሜ ጋር በአንድ የኪራይ ሱቅ ውስጥ እሠራለሁ። እሱ የመኪና ኤሌክትሪክ ይጠግናል፣ እኔ ወንበር አለብሳለሁ። ስለ ትናንቱ አደጋ የማውቀውን እንድናገር በመርማሪው ተጠይቄ ቃሌን እሰጣለሁ። ውሃም አቅርቦልኛል። እግዜር ይስጠው፣ ግን ከትናንት ወዲህ ውሃ ማየት አስጠልቶኛል።

መኪናው አሮጌ ባለሁለት በር የስፖርት መኪና ሲሆን ንብረትነቱ የሱቃችን አከራይ ነው። ከፊት መስታወቱ ሥር ያለው የውሃ መውረጃ በቅጠል ተደፍኖ ዝናብ ወደ ውስጥ ሲገባ ከርሟል። ውሃውም ምንጣፉ ሥር ያለውን የኤሌክትሮኒክስ ሳጥን አበላሽቶታል። መኪናው ማንም ሳይነካው ጡሩምባ ይነፋል፣ በሩን ራሱ ይቆልፋል፣ ሲያሻው ይከፍታል። ጎማ ጠጋኙ «ይኼስ ሐኪም ነው የሚያስፈልገው» እያለ ይስቅ ነበር። እኔ ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ፈርቼዋለሁ፤ በአጠገቡ ሳልፍ እንኳ ራቅ ብዬ ነው።

ወንድሜ ሳጥኑን አውጥቶ አረንጓዴ ዝገቱን በአልኮልና በብሩሽ አጽድቶ፣ አድርቆ መለሰው። ምንጣፉ ሥር ያሉት ገመዶች ግን ገና ስላልደረቁ ባትሪውን አላገናኘም። የእሱ አሠራር እንዲህ ነው፦ ሥራ ሲጀምር የባትሪውን ገመድ ይፈታና ጫፉን በአሮጌ ካልሲ ይጠቀልለዋል። ካልሲ ካለ «መኪናው በእኔ እጅ ነው፣ አትንኩ» ማለት ነው። ይህን መደዳው ሁሉ ያውቃል። አከራያችንም ያውቃል፤ ገመድ ካልሲ ያለብሳል እያለ ሲቀልድበት በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ትናንት ሰኞ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ውሃው በየት በኩል እንደሚገባ ለማወቅ ወንድሜ መኪናው ውስጥ ገብቶ በሩንና መስታወቱን ዘጋ። ወለሉ ላይ ተጋድሞ ጭንቅላቱን ከዳሽቦርዱ ሥር አስገብቶ በስልኩ መብራት ያያል፤ እኔ በውሃ ማጠጫ ጎማ ከላይ ውሃ አፈስሳለሁ። የመኪናው ቁልፍ ኪሱ ውስጥ ነበር። በዚህ መሃል አከራያችን መጣ። መኪናውን የሚገዛ ሰው በመንገድ ላይ ነው፣ የሞተሩን ድምፅ ማሰማት አለብኝ አለ። ወንድሜ ውስጥ እንዳለ ነገርኩት። ሰምቶኛል፣ ምክንያቱም «አንድ ደቂቃ ነው፣ ምን ይሆናል?» ብሎ መልሶልኛል። ከዚያም ባትሪው ያለበትን የኋላውን ዕቃ መጫኛ ከፍቶ፣ ካልሲውን አውልቆ ጣለና ገመዱን አገናኘ። ክዳኑንም ድርግም አድርጎ ዘጋው። እኔ ዐይኔ እያየ ነው።

ወዲያው ሁለቱም በሮችና የኋላው ክዳን ቀጭ ብለው ተቆለፉ። ቀጥሎ ከምንጣፉ ሥር ጭስ መውጣት ጀመረ። ወንድሜ ተነሥቶ የውስጡን እጀታ ጎተተ፤ አልከፈተለትም። መስታወቱም አልወርድ አለ። ከዚያ በኋላ መስታወቱን በመዳፉ ሲደበድብ ብቻ ነው የሚታየኝ፤ ፊቱ በጭሱ እየተሸፈነ ሄደ። ወንድሜን በሕፃንነቱ አዝዬ ያሳደግኩት እኔ ነኝ፣ እናታችን ስትሞት ጥርስ እንኳ አልነበረውም። ይኸው በዐይኔ ሊሞት ነው ብዬ ጮህኩ።

የሥራ መዶሻዬን አንሥቼ ወደ መስታወቱ ስሮጥ አከራያችን ክንዴን ያዘኝ። «ኧረ ተይ! የዚህ መኪና መስታወት የትም አይገኝም!» ነው ያለው። ሰው እየታፈነ! አንጀቴ ቅጥል አለ። በሌላው እጄ የያዝኩትን የጎማ ውሃ ፊቱ ላይ ለቀቅኩበት። ዐይኑን ሲሸፍን አመለጥኩና መስታወቱን መታሁት። መጀመሪያ መሃሉን ስመታው አልሰበር አለ፤ ጠርዙን ስመታው ተንኮታኮተ። ጎማ ጠጋኙ ጩኸቴን ሰምቶ የደረሰው በዚህ ጊዜ ነው። ወንድሜን በመስኮቱ ጎትተን ስናወጣው ራሱን አያውቅም ነበር። ስለዚህ ገመዱን ማን እንዳገናኘው ያየሁ እኔ ብቻ ነኝ።

ማታ አከራያችን ሆስፒታል መጣ። በለሰለሰ አነጋገር፣ ወንድሜ ረስቶ ባትሪውን ሳይፈታ መግባቱን ለፖሊስ እንድናገር ነገረኝ። «በማን ቤት እንደምትሠሩ ደግሞ አትርሺ፣ እትዬ መርፌ» ሲል ጨመረ። ምላሴ ስለታም ነው ብለው ነው ይህን ስም ያወጡልኝ፤ ትናንት ግን አንድ ቃል አልወጣኝም። ከዚህ ሱቅ ብንባረር የምንገባበት የለንም። ፈርቻለሁ፣ አሁንም እፈራለሁ። ወደዚህ ስገባ በር ላይ ቆሞ አይቶኛል።

ዛሬ ጠዋት ወንድሜ ነቃ። የሆነውን አያስታውስም። ሰውየው ከእኔ ቀድሞ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ሲያወራው ደረስኩ። ወንድሜ እጄን ይዞ «እትዬ፣ ባትሪውን ሳልፈታ ነው እንዴ የገባሁት? ራሴን ልገድል ነበር?» ብሎ እንባው መጣ። ሰውየው እያየኝ ስለነበር ዝም አልኩ። ዝም በማለቴም አዎ እንዳልኩት ቆጠረው።

መርማሪው የምጨምረው ካለ ጠይቆኛል። አንድ ልመና አለኝ፤ ይህ ቃል ለሰውየው ከመነገሩ በፊት ሆስፒታል ሄጄ ወንድሜን፣ አንተ አልረሳህም፣ አንተ ምንም አላጠፋህም ልበለው።

የተጻፈው ተነቦልኛል፤ ከአፌ የወጣው ይኸው ነው። በዐይኔ ካየሁትና በጆሮዬ ከሰማሁት ላይ አልጨመርኩም፣ የደበቅኩትም የለም። ፈርቻለሁ ያልኩትም ከቃሌ እንዳይሰረዝ ጠይቄ በፊርማዬ አረጋግጫለሁ።

የቃል ሰጪዋ ፊርማ ________
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ ፊርማ ________