ጎሚኒው አልተገኘም

(ኮምቦልቻ፣ ከቀትር በኋላ፣ የመካኒኩ የይመር ጋራዥ፤ ትርንጎ የእሷና የባሏ የአሊጋዝ አሮጌ ፒካፕ መሪ ላይ ተቀምጣለች፣ ይመር በሩን ይዞ ቆሟል።)

ይመር፦ ይውረዱ እትዬ ትርንጎ፣ በአላህ ይውረዱ! አልተገኘም አልኩዎት እኮ። የመሪውን ዘንግ የሚያጠብቀው ጎሚኒ አገር ውስጥ የለም።

ትርንጎ፦ አገር ውስጥ ከሌለ ይሄ በእጄ የያዝኩት የጎማ ቀለበት ምንድን ነው? የጋብቻ መሰለህ?

ይመር፦ የት... የት አገኙት?

ትርንጎ፦ ደሴ። መጀመሪያ ያገኘሁት ሱቅ ገብቼ የመኪናችንን ስም ስነግረው ባለሱቁ ከመደርደሪያ አውርዶ ሰጠኝ። ከወንበሩ እንኳ አልተነሳም፣ እጁን ዘርግቶ ነው። አንተ ይሄን ሁሉ ሳምንት የፈለግከው የት ነው፣ ጨረቃ ላይ?

ይመር፦ ፎርጅድ ይሆናል። አሁን ገበያው ሁሉ ፎርጅድ ነው።

ትርንጎ፦ እንካ፣ እየው። ከፈለግህ ቅመሰው።

ይመር፦ ...ኦርጅናል ነው።

ትርንጎ፦ እሰይ። በል ፍታና ቀይረው።

ይመር፦ አያ አሊጋዝ ዘይት ቀይር ብለው ነው ያቆሟት። መሪውን ንካ አላሉኝም።

ትርንጎ፦ እኔ ብዬሃለሁ። ሐርቡ ያሉት ገበሬዎች ጉድጓድ ቆፍረው ችግኜን ሊገዙ እየጠበቁ ነው። ዝናቡ ጥሏል። ዛሬ ካልደረስኩላቸው ከሌላ ሰው ይወስዳሉ።

ይመር፦ አያ አሊጋዝ ያድርሱልዎታ።

ትርንጎ፦ ሰኞ ለቅሶ አለብኝ አለ። ማክሰኞ ሽምግልና። ትናንት ደግሞ ወገቤን አለ። ወገቡ በርጫ ላይ ግን ጫት ይዞ ቀኑን ሙሉ ሲቀመጥ አያመውም።

ይመር፦ እንግዲያው ወንድማቸው እንድሪስ በአይሱዙው...

ትርንጎ፦ እንድሪስ አምና ጫነልኝ። ዘንድሮ ሐርቡ ስደውል «የእንድሪስ ችግኝ ነው ወይ?» ይሉኛል። ዘሩን ያፈላሁት እኔ፣ ውሃ ያጠጣሁት እኔ፣ አንበጣ ያባረርኩት እኔ፣ ስሙ የእንድሪስ! ዘንድሮም እሱ ካደረሰው፣ ከርሞ በገዛ ጓሮዬ የእንድሪስ ሠራተኛ ነኝ። ስለዚህ ራሴ ነድቼ እሄዳለሁ። መንጃ ፈቃድ ያወጣሁት ግድግዳ ላይ ልሰቅለው አይደለም።

ይመር፦ መሪው እኮ አደገኛ ነው። ዘንጉ ይወዛወዛል። ቀኝ ሲሉት መጀመሪያ ግራ ያስባል። ከአያ አሊጋዝ በቀር ማንም አይችላትም።

ትርንጎ፦ እሱም እንደዚያ ይላል። ጉንጩን ወጥሮ፣ «ይቺን መኪና ከእኔ በቀር የሚነዳት አልተወለደም!» ከኋላው የሚመጣ ሰው ሁሉ ሰክሮ ነው ይለዋል፤ እሱ ግን የነዳ መስሎታል።

ይመር፦ እጃቸው ለምዷል። የመሪውን ጠባይ ያውቁታል።

ትርንጎ፦ የመሪውን ጠባይ ያወቀውን ያህል የእኔን ቢያውቅ ይሄኔ ሐርቡ ነበርኩ። ካቻቢቴህን አንሳ።

ይመር፦ አሁን ሌላ ሥራ ይዣለሁ።

ትርንጎ፦ የታለ? ከዚህች መኪና ሌላ ግቢህ ውስጥ የማየው አንድ ፍየል ነው። እሱ ደግሞ መሪ የለውም።

ይመር፦ አይ ምላስዎ! እሺ፣ ይውረዱና ልፍታው።

ትርንጎ፦ ወደዚያኛው ወንበር ጠጋ እላለሁ እንጂ አልወርድም። ከወረድኩ በሩን ቆልፈህ ቁልፉ ጠፋ ትለኛለህ።

ይመር፦ ምን ዓይነት እምነት ነው ይሄ! ይሁን፣ ጠጋ ይበሉ። መሪውን ልንቀለው... ይቺን ሽፋን ደግሞ...

ትርንጎ፦ ለምንድን ነው ጀርባህን የሰጠኸኝ?

ይመር፦ ማን፣ እኔ?

ትርንጎ፦ ሰው እንዳያያት ተከልላ የምታጠባ መሰልክ እኮ። ዞር በል፣ ልየው።

ይመር፦ ግራሶ ነው፣ ልብስዎን ይነካብዎታል።

ትርንጎ፦ ልብሴ ጭቃ ውስጥ ነው የሚውለው። ዞር በል አልኩህ! ...ይሄ ሰማያዊ ነገር ምንድን ነው?

ይመር፦ የቱ?

ትርንጎ፦ ዘንጉ ላይ የተጠቀለለው። ጎሚኒ ሰማያዊ ይሆናል እንዴ?

ይመር፦ ጊዜያዊ ነው እሱ። ዋናው እስኪገኝ ብዬ... ላስቲክ ቢጤ።

ትርንጎ፦ ላስቲክ ቢጤ አበባ ያወጣል? ይመር! ይሄ የእኔ ነጠላ ጫማ ነው!

ይመር፦ ኧረ እትዬ፣ አበባ ያለው ነጠላ ጫማ በከተማው የእርስዎ ብቻ ነው?

ትርንጎ፦ ቀኙ ነው! አልጋ ስር ተንበርክኬ ስፈልገው የከረምኩት! ውሻ ወስዶት ነው ብዬ የጎረቤቱን ውሻ በድንጋይ ያሳደድኩበት! አሊጋዝ እኮ አብሮኝ ሲፈልግ ነበር!

ይመር፦ አብረው ፈለጉ?

ትርንጎ፦ በስልኩ መብራት እያበራ! አልጋ ስር ግማሽ አካሉን አስገብቶ «ወይ ጉድ፣ እግር አውጥቶ ሄደ እንዴ?» እያለ!

ይመር፦ ወላሂ ይሄን አልነገሩኝም።

ትርንጎ፦ ታዲያ ምን ነገረህ? በመቀስ የቆረጥከው አንተ አይደለህ?

ይመር፦ በፌስታል ይዘውት መጡ። የድሮው ጎሚኒ አልቆ ተበጣጥሶ ነበር። «ለጊዜው በዚህ ጠቅልለው» አሉኝ። እኔም ይሄ አይጠብቅም፣ ከደሴ ላስመጣልዎት አልኳቸው።

ትርንጎ፦ እና?

ይመር፦ እና... አታስመጣ አሉ።

ትርንጎ፦ ለምን?

ይመር፦ እኔን ለምን ይጠይቁኛል? ባልዎን አይጠይቁም?

ትርንጎ፦ ባሌ አልጋ ስር ጫማ እየፈለገ ነው። አንተን ነው የጠየቅኩህ።

ይመር፦ «መሪው ከጠበቀማ ትነዳታለች» አሉ! በቃ፣ አወጣሁት። «እኔ ለምጄዋለሁ፤ እሷ ግን እንዲህ ሲንቀጠቀጥ ከነካችው ደንግጣ እርግፍ አድርጋ ትተወዋለች። ከጠየቀችህ አልተገኘም በላት» አሉኝ።

ትርንጎ፦ ሃ! ሃሃ! ወይ አሊጋዝ!

ይመር፦ እትዬ? ይሳደቡ እንጂ፣ ሲስቁ ያስፈራሉ።

ትርንጎ፦ ሳቄም እንባዬም አንድ ላይ መጥተው ነው። ግቢ ውስጥ ሞክሬያት ነበር፣ ታውቃለህ? መሪው አልታዘዝ ሲለኝ፣ ጥፋቱ የእጄ መስሎኝ ገብቼ አለቀስኩ። ያ ሰውዬ አጠገቤ ቁጭ ብሎ፣ «አይዞሽ፣ ሁሉም እጅ ለመሪ አይሆንም» እያለ አባበለኝ። የባሌ ጀግንነት በእኔ ነጠላ ጫማ ተጠቅልሎ የቆመ መሆኑን ማን ነግሮኝ!

ይመር፦ እኔ ወዳጅነት ይዞኝ ነው። ባንድ በርጫ እንውላለን፣ እምቢ ማለት ከበደኝ።

ትርንጎ፦ እሱስ ወዳጅህ ነው። ሰው ስላንተ ምን እንደሚል ግን ነግሮሃል?

ይመር፦ ምን ይላል?

ትርንጎ፦ «ይመር ጋ መኪና አትውሰዱ፤ አንዲት ጎሚኒ ፍለጋ ወሩን ሙሉ የሚንከራተት መካኒክ ነው» ይላል።

ይመር፦ ማነው እንዲህ ያለው?

ትርንጎ፦ እኔ ነኝ። ገበያ መሀል ቆሜ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ። ምን ላድርግ፣ አልተገኘም ስትለኝ አምኜህ ነበራ!

ይመር፦ ገበያ መሀል? ለዚህ ነው እንዴ ባለ ዳቦ ቤቱ መኪናውን ማዶ ጋራዥ ያስገባው?

ትርንጎ፦ እሱ ብቻ መሰለህ? ይሄ ፍየል ራሱ ገመዱ ቢፈታለት ማዶ ይሄዳል።

ይመር፦ እኔን? የመሪ ሥራ ላይ እኔን? ያ ማዶ ያለው ሰውዬ እኮ መሪ ፈትቶ ሲገጥም ብሎን የሚተርፈው ነው! አንድ እፍኝ ብሎን! ያምጡት ያንን ጎሚኒ!

ትርንጎ፦ ቀስ በል፣ በመዶሻ እንዳትደበድበው።

ይመር፦ አያስተምሩኝ። ይሄ መዶሻ አይነካውም። ግራሶ ይቀባል፣ በአውራ ጣት ዙሪያውን ይገፋል... ቦታውን ሲያገኝ ራሱ ቀጭ ይላል። ሰሙ?

ትርንጎ፦ ሰማሁ።

ይመር፦ መሪውን ልመልሰው... ጥብቅ። አሁን ይምጡ፣ ወደ ቦታዎ ይመለሱ። ይያዙትና ያወዛውዙት።

ትርንጎ፦ አይወዛወዝም።

ይመር፦ እንደሱ አይደለም! በንዴት ይነቅንቁት!

ትርንጎ፦ ንዴቱስ ተርፎኛል፣ መሪው ነው ንቅንቅ ያላለው። ...ይመር፣ ይሄን ያህል ቀላል ነበር?

ይመር፦ ቀላል ነበር።

ትርንጎ፦ እፈር።

ይመር፦ አፍሬያለሁ፣ አይዩኝ። ቁልፉ ይኸው... ቆይ፣ ስልኬ ነው። እሳቸው ናቸው።

ትርንጎ፦ አንሳዋ።

ይመር፦ ምን ልበላቸው?

ትርንጎ፦ እስካሁን የምትለውን የሚነግርህ እሱ ነበር። ዛሬ ለብቻህ ሞክረው።

ይመር፦ አቤት አያ አሊጋዝ። ...አዎ፣ መኪናዋ እዚሁ ናት። ...አይ፣ ጎሚኒው ተገኘ። ...ተገኘ እኮ ነው የምልዎት፣ ገባም። ...ማን አዘዘህ ማለት ምን ማለት ነው? እኔ መካኒክ አይደለሁም እንዴ! ሰው ማዶ እየሄደብኝ ነው፣ ያውቃሉ? ...ነጠላ ጫማውማ ወጣ። አይተውታል። ...አዎ፣ አበባውንም። ...እትዬ፣ «እንዳትንቀሳቀስ፣ መጥቼ እኔው አደርስላታለሁ» ይላሉ።

ትርንጎ፦ ችግኜን ጭኜ በዋናው መንገድ ነው የማልፈው በለው፤ በበርጫ ቤታቸው ደጃፍ። ጓደኞቹ በረንዳው ላይ ተደርድረዋል፣ ስመጣ አይቻቸዋለሁ። ከፈለገ ከእነሱ ጋር ተቀምጦ ሳልፍ ይየኝ። ካልፈለገ ደግሞ ከጎኔ ባዶ ወንበር አለ፤ «እያስተማርኳት ነው» ቢላቸው አልከራከርም። ንገረው፣ አንድም ቃል እንዳትቀንስ።

ይመር፦ ሰሙ አያ አሊጋዝ? ...ሰምተዋል። «ቆይ፣ ቆይ» ይላሉ።

ትርንጎ፦ እኔ የምቆይበት ጊዜ የለኝም። ሞተሩን አስነሳሁት።

ይመር፦ አያ አሊጋዝ፣ ሊወጡ ነው! ...ወላሂ ቀጥ አድርገው ይዘውታል፣ ወደ ኋላም እየነዱ ነው፣ ፍየሌን እንኳ አልነኩትም! ...ምን? ...እሺ። እሺ፣ ልጠይቃቸው። ይቆዩ እትዬ፣ ትንሽ ይቁሙልኝ!

ትርንጎ፦ ምን አለ ደግሞ?

ይመር፦ «የት ጋ ልቁም?» ይላሉ።