ክቡ ውስጥ ያልታየው እብጠት

የምስክር ቃል (ሁለተኛ ጊዜ የተሰጠ)

የምስክሯ ስም፦ ለአካለ መጠን ያልደረሰች በመሆኗ በታሸገ ፖስታ ከመዝገቡ ጋር ተያይዟል
ዕድሜ፦ 16
የትምህርት ደረጃ፦ ስድስተኛ ክፍል የጨረሰች
ሥራ፦ በልብስ ንጽሕና መስጫ አንሶላ አጣፊ
አድራሻ፦ ከንጽሕና መስጫው ጀርባ፣ ከአክስቷና ከአክስቷ ባል ጋር
ቀንና ሰዓት፦ ሐሙስ፣ ጥር 15 ቀን፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት
ማሳሰቢያ፦ የምስክሯ ድምፅ ዝቅ ያለ በመሆኑ ቃሏን በራሷ እጅ እንድትጽፍ ተፈቅዷል።

ዛሬ ሐሙስ ጥር 15 ቀን ነው። ትናንት ረቡዕ በዚሁ ክፍል የሰጠሁት ቃል ትክክል አይደለም። ዋሸሁ ለማለትም ይቸግረኛል፤ ምክንያቱም አልተናገርኩም። መርማሪዋ «ሲስተሯ አክስትሽን ፔኒሲሊን ከመውጋቷ በፊት ክንዷ ላይ ሞክራለች ወይስ አልሞከረችም?» ብላ ስትጠይቀኝ አንገቴን ደፋሁ። ከጎኔ የተቀመጡት ጋሼ «ይኸው፣ አልሞከረችም ማለቷ ነው» አሉ። እንደዚያው ተጻፈ፤ እኔም ፈረምኩ። እውነቱ ግን ሲስተሯ ሞክራለች። የሙከራው ውጤት እንዳይታይ ያደረግሁት እኔ ሳልሆን አልቀርም።

ጋሼ የምላቸው የአክስቴ ባል ናቸው። የንጽሕና መስጫውን መኪና ይነዳሉ። አክስቴን እታለም እላታለሁ። ልብስ ተኳሽ ናት። እናቴ ካረፈች ጀምሮ፣ አምስት ዓመት ሙሉ፣ ያሳደጉኝ እነሱ ናቸው። ይህን የምጽፈው ሲስተሯን ለመካስ እንጂ እነሱን ለመክሰስ አይደለም።

ከሁለት ሳምንት በፊት እታለምን ቀኝ እጇን ካውያ ፈጃት። በጨርቅ ጠቅልላው መተኮሷን ቀጠለች። ከመድኃኒት ቤት የገዛችውን እንክብል ሦስት ቀን ዋጠችና ቀለል ሲላት ተወችው። ከዚያ በኋላ እጇ እስከ አንጓዋ አበጠ፣ ቁስሉም መግል ያዘ። ማክሰኞ ጠዋት ካውያውን ማንሳት አቃታትና አብሬያት ወደ ሰፈራችን ክሊኒክ ሄድኩ። የደረስነው አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ነው።

ሲስተሯ ፋሻውን ፈታችና ሽታው ሲወጣ ቀና ብላ አየቻት።

«እህቴ፣ ይኼን ይዘሽ ነው ስትተኩሺ የከረምሽው?»

«እጄ ቢታመም አንሶላው ራሱን አይተኩስ።»

«እንክብሉንስ ለምን አቋረጥሽው?»

«ተሻለኝ ብዬ ነዋ።»

«የተሻለሽ ላንቺ ነው፤ ጀርሙማ አርፎ ጉልበት ገዛ» አለቻት።

ሐኪሙም አይቷት ፔኒሲሊን በመርፌ እንድትወስድ ጻፈላትና ለምሳ ወጣ። ሲስተሯ ወረቀቱን ይዛ ብዙ ጠየቀቻት። ፔኒሲሊን ወስዳ ታውቅ እንደሆነ፣ ከመድኃኒት በኋላ ሽፍታ፣ እብጠት ወይም የትንፋሽ ማጠር ገጥሟት ያውቅ እንደሆነ። እታለም «ልጅ ሆኜ የተወጋሁ ይመስለኛል፤ ምኑን እንደሆነ ግን ማን ያውቃል። ለእኛ መርፌ ሁሉ መርፌ ነው» አለች። ሲስተሯ «እንግዲያው ሳልሞክር አልወጋሽም» አለች።

ከዚህ በኋላ ያለውን በደንብ አይቻለሁ። የፔኒሲሊኑን ብልቃጥ ብርሃን ላይ አድርጋ ማብቂያ ቀኑን አነበበች። አዲስ መርፌ ከማሸጊያው አውጥታ፣ ከተበጠበጠው መድኃኒት እጅግ ጥቂት ቀድታ፣ በግራ ክንዷ ውስጠኛ በኩል ከቆዳዋ ሥር ብቻ አስገባች። ዙሪያውን በሰማያዊ እስክሪብቶ ክብ አሰመረችበት። የግድግዳው ሰዓት ስድስት ከአሥር ይል ነበር። ሰሐኑ ላይ ደግሞ ሌላ ትንሽ ብልቃጥ ከመርፌ ጋር አዘጋጅታ ነበር። ለምን እንደሆነ ያን ጊዜ አላወቅሁም።

ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «አስታማሚዋ አንቺ ነሽ? እንግዲያው ግማሽ ሰዓት ዓይንሽን አውሺኝ። ክቡ ውስጥ ካበጠ፣ ከቀላ ወይም ካሳከካት ጥሪኝ። እንዳታክከው፣ ምንም እንዳይነካው» አለችኝ። እሺ አልኩ። ድምፄ ይሰማ አይሰማ እንጃ።

በኮሪደሩ ብረት አግዳሚ ላይ ተቀመጥን። የምሳ ሰዓት ስለነበር ሌላ ሰው አልነበረም። እታለም ክንዷን ዘርግታ ክቡን አየችና «ጋሼሽ ካጠለቁልኝ ቀለበት ይኼኛው ይሰፋል» ብላ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ አንሶላ ትቆጥር ጀመር። የሆቴሉ ሁለት መቶ አንሶላ ለማታ መድረስ ነበረበት። አለቃችን ጠዋት «እጅሽ ካልዳነ ነገ ሌላ ተኳሽ አስገባለሁ» ብሏት ነበር።

አሥር ደቂቃ ያህል እንዳለፈ ክንዷን ከጉልበቷ ጋር ማሻሸት ጀመረች። «ያሳክከኛል» አለች። ሳየው ክቡ ውስጥ የሽምብራ ፍሬ የሚያህል ነጭ እብጠት ወጥቶ ዙሪያው ቀልቷል። ልነሣ ስል ቀሚሴን ያዘችኝ። «ተቀመጪ ሚጣዬ። ትንሽ ስላሳከከኝ ብለሽ ልታስመልሺኝ ነው? ይኼን መርፌ ሳልወጋ ብመለስ ነገ ሥራ የለኝም።»

ተቀመጥኩ። ሲያሳክካት ዝም ብዬ ማየት ግን አልቻልኩም። በእኛ ሥራ ቤት እንፋሎት የፈጀውን ሰው መጀመሪያ የምናደርግለት ነገር ቀዝቃዛ ውሃ የያዘ ጠርሙስ ቁስሉ ላይ ማሳረፍ ነው። ለእኔ ብዙ ጊዜ አድርጋልኛለች። በኮሪደሩ ጫፍ ካለው የውሃ ማቀዝቀዣ ጠርሙሳችንን ሞላሁና ክንዷ ላይ አሳረፍኩት። «እሰይ የኔ ልጅ፣ አንቺ ነሽ ሐኪሟ» አለችኝ። ውሃው ሲሞቅ ደፍቼ እንደገና ሞላሁ። ሦስት ጊዜ ቀየርኩ። እንዳታክከው ነው የተባልኩት፤ አላከከችም ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ምንም እንዳይነካው መባሌንም አስታውስ ነበር።

ስድስት ሰዓት ከአርባ ላይ ሲስተሯ ስትመጣ እታለም ጠርሙሱን በነጠላዋ ሸፈነችው። ክቡ ውስጥ የቀረው ትንሽ ቀይ ነጥብ ነበር። ሲስተሯ በማስመሪያ ለካችው። በጣቷም ነካ አድርጋ «ክንድሽ ቀዝቅዟል» አለች።

«የኮሪደራችሁ ብርድ ነው» አለች እታለም።

«አላሳከከሽም?»

«ኧረ ምንም፤ ትንኝ የነከሰኝ ያህልም አልሆነ።»

ሲስተሯ ወደ እኔ ዞራ «አንቺስ፣ እያየሻት ነበር? ምንም አልወጣም?» ብላ ጠየቀችኝ። እታለም በእግሯ እግሬን ነካችኝ። እኔም ምንም አልወጣም ለማለት ራሴን ነቀነቅሁ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል። የእኔ ግን የአንገት ነው። እሱ በምን እንደሚታሽ አላውቅም።

ሲስተሯ የሙከራውን ውጤት መዝገቧ ላይ ጽፋ መርፌውን ወጋቻት። ጋሼ «በኋላ የጻፈችው ነው» የሚሉት ጽሑፍ ከመወጋቷ በፊት እኔ ቆሜ እያየሁ የተጻፈ ነው። ከወጋቻትም በኋላ «ገና ግማሽ ሰዓት ትቀመጫለሽ፤ ከዓይኔ እንዳትርቂ» አለቻት። እታለም ስለ አንሶላዎቹ እያጉረመረመች ተቀመጠች።

አምስት ደቂቃ አልሞላም። እታለም ጉሮሮዋን ይዛ «አነቀኝ» አለች። ከንፈሯ ሲያብጥ አየሁ። ፊቷና አንገቷ ደም መሰለ፣ ትንፋሿ ያፏጭ ጀመር። ልጣራ ብል ድምፄ አልወጣም። ጠርሙሱን አንሥቼ ብረቱን አግዳሚ ደጋግሜ መታሁት። ሲስተሯ በሩጫ መጣች። ወለሉ ላይ አስተኝታት እግሯን አግዳሚው ላይ ሰቀለች። ከዚያ ሰሐኑ ላይ ካዘጋጀችው ትንሽ ብልቃጥ ቀድታ ጭኗ ላይ ወጋቻት። መድኃኒቱ አድሬናሊን ይባላል። ስልክ እየደወለች «አንቺ ሰዓቱን ንገሪኝ፤ አምስት ደቂቃ ሲሞላ በይ» አለችኝ። የግድግዳውን ሰዓት እያየሁ «አንድ… ሁለት…» አልኩ። አምስት ስል ደግማ ወጋቻት። ከዚያ ነው እታለም ረዥም ትንፋሽ የሳበችው።

አምቡላንሱ ውስጥ ሲስተሯ የእታለምን እጅ እንደያዘች «ክቡ ውስጥ ምንም አልነበረም እኮ» አለች። መልሳ ደገመችው። ለእኔ አልነበረም የምትለው፤ ለራሷ ነው። ያን ጊዜ ልናገር ይገባኝ ነበር። አልተናገርኩም።

ሆስፒታል ውስጥ የእታለም ክንድ ሲታጠብ ክቡ አብሮ ጠፋ። ጋሼ ከሥራ ሮጠው ሲደርሱ ሚስታቸው የኦክስጅን ማስክ ተደርጎላት፣ ፊቷ አብጦ ነው ያገኟት። ጋሼ ክፉ ሰው አይደሉም። ሲያለቅሱ ያየኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው። «ሳትሞክር ነው የወጋቻት?» ብለው ሲጠይቁኝ ዝም አልኩ። ዝምታዬን ይዘው ወደዚህ ጣቢያ መጡ። ሲስተሯም ያን ምሽት ተያዘች።

ትናንት አመሻሽ ላይ እታለም ነቅታ ነበር። ድምፅዋ ጎርነን ብሎ «ምን ብለሽ ተናገርሽ?» አለችኝ። ነገርኳት። «እንግዲህ ጋሼሽን ሰው ፊት ውሸታም ልናደርጋቸው ነው? ተዪው፤ ሴትዮዋን ጥቂት ቀን አቆይተው ይለቋታል» አለች። ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ያፈረች መሰለኝ፤ ሳታፍር አትቀርም። እኔም አፈርኩ።

ዛሬ ጋሼ የሆስፒታሉን ወረቀት ለመርማሪዋ እንዳደርስ ላኩኝ። በጣቢያው ኮሪደር ሲስተሯ ከአንዲት ፖሊስ ጋር ተቀምጣ ነበር። ነጭ ጋወኗን እንደለበሰች ናት፤ ተጨማድዷል። እንዳላየኋት ሆኜ ላልፍ ስል ጠራችኝ። የምትሰድበኝ መስሎኝ ቆምኩ። «አክስትሽ እንዴት አደረች?» አለችኝ። ነቅታለች አልኳት። «ተመስገን» አለችና «ፔኒሲሊን ሁለተኛ እንዳትወስድ ንገሪያት፤ የትም ብትሄድ ቀድማ ትናገር። ያንን ክብ ስንት ጊዜ በሐሳቤ እንዳየሁት። ዓይኔ ደክሞ ይሆን እንዴ? ዓይኔ ከደከመ እኮ ሰው መውጋት የለብኝም» አለች።

ሃያ ሁለት ዓመት ስትሠራ እንደኖረች ክሊኒኩ በር ላይ የተለጠፈው ወረቀት ይላል። ይህን ሁሉ ዓመት ያየችበትን ዓይኗን በእኔ ምክንያት መጠራጠር ጀመረች። እስሩ ያልፋል ብላለች እታለም። ይኼ ግን የሚያልፍ አልመሰለኝም። ቀጥታ ወደ መርማሪዋ ክፍል ገብቼ ወረቀት ስጡኝ አልኩ።

ቅዝቃዜ እንዲህ ያለውን እብጠት ማሟሸሽ መቻል አለመቻሉን ሐኪም ያረጋግጥ። እኔ የማውቀው ጠርሙሱን ሳሳርፍ እብጠቱ የሽምብራ ያህል እንደነበር፣ ሲስተሯ ስታየው ግን እንዳልነበር ነው። የዓይኗ ጥፋት አይደለም። እንድታይ የተሰጣትን በትክክል አይታለች።

መርማሪዋ «ይኼ ቃል ሲስተሯን ሊያስፈታት ይችላል። ቤትሽ ውስጥ ግን ያስቸግርሻል፤ አስበሽበታል?» ብላ ጠይቃኛለች። አስቤበታለሁ። ሌላ የምገባበት ቤት የለኝም። ቢሆንም ይጻፍ ብያለሁ።

እዚህ ላይ የሰፈረው በዓይኔ ያየሁት፣ በጆሮዬ የሰማሁት፣ በገዛ እጄም ያደረግሁት ነው። ያስገደደኝ የለም። መርማሪዋ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንብባልኝ ራሴ ሦስት ቦታ አርሜያለሁ። ሐሰት ቢገኝበት በሕግ እንደምጠየቅ ተነግሮኝ ገብቶኛል።

ጋሼ ይህን ከፖሊስ እንዲሰሙት አልፈልግም። ነገ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ መኪናውን ሳያስነሡ አጠገባቸው ተቀምጬ ሁሉንም እነግራቸዋለሁ። ከዚያ ወደ እታለም እንዲወስዱኝ እለምናቸዋለሁ፤ እሷ ባለችበት ለሆስፒታሉ ሐኪም ልንገረው፣ የመድኃኒቱንም ስም በካርድ ጽፎ ይስጣት። ካልወሰዱኝ በእግሬ እሄዳለሁ።

የምስክሯ ፊርማ፦ ተፈርሟል
የመርማሪዋ ፊርማ፦ ተፈርሟል