ከመስመሩ የወጣው ነጥብ

(ደብረ ብርሃን፣ የውሃ ማሸጊያ ፋብሪካ፣ ከአዳራሹ ጀርባ ያለች ጠባብ ክፍል። ዛሬ ጡረታ የሚወጡት የጥራት ክፍል ኃላፊ ጋሽ እንግዳወርቅና ሥራ ያስተማሯት ትርሲት በተጠቀለለ ስጦታ ዙሪያ ቆመዋል፤ ከግድግዳው ማዶ አዳራሹ ውስጥ ለሽኝቱ የተሰበሰበው ሠራተኛ ያጨበጭባል።)

እንግዳወርቅ፦ ክፈቺው ስልሽ ክፈቺው!

ትርሲት፦ የጡረታ ስጦታ መድረክ ላይ ነው የሚከፈተው ጋሼ። ሕዝቡ እያየ።

እንግዳወርቅ፦ ቻርት ነው አላልሽኝም? የጠርሙስ ክዳን ጉድለት በየቀኑ የሚቆጠርበት ቻርት ምን ያስደብቃል?

ትርሲት፦ የክዳን አይደለም፣ የስድብ ነው። በፍሬም አሠርቼዋለሁ። ኮፒው ይኸው፣ ይዩት።

እንግዳወርቅ፦ የምን ስድብ?

ትርሲት፦ እህቴ ሐመልማል የኪራይ ቬሎ በምታሳይበት የኢንተርኔት ገጽ ላይ የተጻፈው። የቀኑን ስድብ ቆጥሬ ለቀን አንድ ነጥብ፣ ልክ እንዳስተማሩኝ። ይኼ የመሃል መስመር ነው፤ በቀን ሦስት ስድብ። ይኼ የላይኛው፤ ስምንት። እስከዚያ ድረስ የምቀኛ ወግ ነው ብዬ አልፈዋለሁ።

እንግዳወርቅ፦ ጎሽ፣ መስመሩን አልሳትሽውም። እና?

ትርሲት፦ አርባ ቀን ሙሉ በመስመሩ ውስጥ ነበር። ቅዳሜ እርስዎ ለልጅዎ ሐመልማልን ብለው ቤታችን ሽማግሌ ላኩ፣ ሽማግሌዎቹ «ሐመልማል ለዳግማዊ ታጭታለች» ተብለው ተመለሱ። ሰኞ ነጥቡ አሥራ ዘጠኝ ላይ ወጣ።

እንግዳወርቅ፦ አንድ ነጥብ ምስክር አይሆንም። ስንት ጊዜ ነግሬሻለሁ?

ትርሲት፦ ሰኞ ብቻ መሰለዎት? አንድ ወር ሙሉ አልወረደም። «ልጅ ወልዳ ደብቃለች» የሚለው በአሥራ አንድ የተለያየ ስም ተጻፈ። ዳግማዊ አንብቦ ሰርጉን አፈረሰ። እህቴ በመጨረሻ ገጹን ዘጋች፣ ቬሎዎቹን በጆንያ ከታ አልጋ ሥር ወረወረቻቸው። ከቤት መውጣት ካቆመች ስንት ጊዜዋ መሰለዎት?

እንግዳወርቅ፦ አዝናለሁ ልጄ። ግን ይኼ ከእኔ ጋር ምን አገናኘው?

ትርሲት፦ እዚህ ጋ ይዩ። ከወሩ በኋላ ዘጠኝ ነጥብ በተከታታይ ከመሃል መስመር በታች። ስምንት ነጥብ በአንድ ወገን ከተሰለፈ ምን አድርጉ ነበር የሚሉን?

እንግዳወርቅ፦ ማሽኑን አቁማችሁ ምክንያቱን ፈልጉ።

ትርሲት፦ ፈለግሁ። እነዚህ ዘጠኝ ቀናት እርስዎ ለጉልበትዎ ጸበል የገቡባቸው ናቸው። እዚያ የገባ ሰው ስልኩን በር ላይ ያስረክባል። ሻይ ሰዓት ላይ «ዘጠኝ ቀን ስልክ ሳልነካ እንደ አዲስ ተወለድኩ» እያሉ ለሁሉም አውርተዋል።

እንግዳወርቅ፦ ኔትወርክ ጠፍቶ ይሆናላ!

ትርሲት፦ «ያምራል፣ ስንት ነው?» የሚሉትንም ለብቻቸው ቆጥሬያለሁ። እነሱ አልቀነሱም። ኔትወርክ ስድብ መርጦ ይጠፋል እንዴ? በተመለሱ ማግሥት እንደገና ሃያ አንድ። እህቴ ገጹን የዘጋችው ከዚያ በኋላ ነው።

እንግዳወርቅ፦ ቻርት ስም አይጠራም! አንድ ነገር ተቀይሯል ይላል እንጂ ማን እንደቀየረው አይልም። ይኼንንም አስተምሬሻለሁ።

ትርሲት፦ እሺ። ሦስት መቶ ሰው ይፍረድ። ሻይ ላይ የሰሙዎት ሁሉ አዳራሹ ውስጥ ናቸው።

እንግዳወርቅ፦ ትርሲት... ሚስቴ እኮ እዚያ ናት። ልጄም አለ።

ትርሲት፦ የእኔም እናት ሽማግሌዎችዎን በክብር ተቀብላ ነበር።

እንግዳወርቅ፦ አዎ በክብር! ከዚያ ልጄ የጥራት ምርመራ እንዳላለፈ ዕቃ ተመለሰ! አንገቱን ደፍቶ ሲገባ አላየሽውም አንቺ። ተቃጠልኩ።

ትርሲት፦ እኔም ተቃጥያለሁ። አራት ወር ሙሉ። እርስዎም አንድ ቀን እንዲቀምሱት ነው የምፈልገው።

እንግዳወርቅ፦ ምን ላድርግ? እግርሽ ላይ ልውደቅ?

ትርሲት፦ ለጉልበትዎ አይሆንም። ስልክዎን ያውጡና ለዳግማዊ ይጻፉ። «የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ ሁሉም ውሸት ነው» ብለው፣ ከነስምዎ። ያኔ እኔ ለሰው አንድ ቃል አልተነፍስም፣ ስጦታውንም እዚሁ ይወስዱታል።

እንግዳወርቅ፦ ቃልሽ ነው?

ትርሲት፦ ቃሌ ነው። ቁጥሩ ይኸውልዎት።

እንግዳወርቅ፦ ...«ሁሉም ውሸት ነው፤ እንግዳወርቅ»። ሄደ። በይ አሁን ስጦታውን ወዲህ በይ።

ትርሲት፦ ይውሰዱ። ይክፈቱት እንጂ።

እንግዳወርቅ፦ ይኼ... ይኼ የግድግዳ ሰዓት ነው እኮ!

ትርሲት፦ ኮሚቴው የገዛው ነው። ያምራል አይደል?

እንግዳወርቅ፦ ፍሬሙስ?

ትርሲት፦ ፍሬም የለም። ኮፒ ያልኩዎት ይቺ በእርሳስ የሠራኋት ወረቀት ብቻ ነበረችኝ። ቻርት ስም አይጠራም ጋሼ፣ ስሙን እርስዎ ጻፉት።

እንግዳወርቅ፦ አንቺ መርዝ! ይሁን። ዳግማዊ ብቻ ነው የሚያውቀው። አንቺም ቃል ገብተሻል።

ትርሲት፦ ገብቻለሁ፣ አልተነፍስም።

እንግዳወርቅ፦ እንግዲያው ልውጣ። ቆይ... ጭብጨባው ለምን ቆመ?

ትርሲት፦ ዳግማዊን እኔ ነኝ የጠራሁት፣ ፊት ወንበር ላይ ነው የተቀመጠው። አሁን ስልኩን ይዞ ተነሥቶ እያነበበላቸው ነው። በል ውጣ፣ ሚስትህም እየሰማች ነው።