የጥግ ቤቱ ባለቤት

ባለፈው መጋቢት የቤቴን ሰነድ ቅጂ ልወስድ ወደ ካውንቲው መዝገብ ቤት ስሄድ፣ ጎረቤቴን ኦርቪል ሃስኪንን በሩ ላይ ሲቁነጠነጥ አገኘሁት። ኦርቪል በኦሃዮዋ ከተማችን አሮጌ ቤት እየገዛና እያደሰ ማከራየት ከጀመረ ሠላሳ ዓመቱ ነው። ዴልፊን ፕሩት የምትባል ወጣት በዚሁ ሥራ ከመጣች ወዲህ ግን ደህና ደህናውን ቤት ትቀድመዋለች። በቅናት አንጀቱ አሯል፤ እሱም አይደብቀውም።

«ልትሰልላት መጣህ?» አልኩት።

«ውስጥ ሰው አላት! ያለ ጉቦ እንዲህ አይሆንም።»

ወዲያው ዴልፊን ወረቀት ታቅፋ ብቅ አለች።

«እንደምን ዋሉ ሚስተር ሃስኪን?»

«አንቺ እያለሽ ምን ደህና እውላለሁ! ማንን ነው የምታጎርሺው?»

«ማንንም። መዝገቡ እኮ የሕዝብ ነው። ቅጽ ሞልቶ የጠየቀ ሁሉ የቤቱን ባለቤትና የግብር ወረቀቱ የሚላክበትን አድራሻ ያያል። እርስዎስ እንዴት ነው የሚያገኙት?»

«እንደ ሰው! በር አንኳኩቼ፣ ኬክ ይዤ! የሰፈራችንን የጥግ ቤት ሰውዬ ሽጥልኝ እያልኩ ሦስት ዓመት ለምኜዋለሁ። ልጄ ከነልጆቿ ልትመለስ ነው፤ አጠገቤ የማኖራት እዚያ ብቻ ነው።»

«ሰውዬው እኮ ተከራይ ነው።»

ኦርቪል ፊቱ ቀላ። «‹አስብበታለሁ› ሲለኝ የኖረውስ?»

«ኬኩ ጥሞት ነዋ!» አልኩ።

እየጎተትን አስገባነው። ጸሐፊዋ ቅጹን ተቀብላ ገጹን አትማ ሰጠችው፤ ጉቦ ቀርቶ ፈገግታ እንኳ አልጠየቀችውም። የጥግ ቤቱ ባለቤት አሪዞና የምትኖር መበለት ናት።

«ይህን ካወቅሽ ለምን አልጻፍሽላትም?» አላት ዴልፊንን።

«እርስዎ ሲመላለሱ አይቼ ግዢውን ጨርሰዋል ብዬ ተውኩት።»

ደግነቷም አስቀናው። «በዚህም ቀደመችኝ» ብሎ አጉረመረመ።

አንባቢ ሆይ፣ እኔ ሠላሳ ዓመት ያስተማርኩ ሰው ነኝ፤ ሌላው በሥራ የበለጠው ሰው ሁሉ ነገሩ ተንኮል ያለበት ይመስለዋል። መዝገብ የሚያይ ሰው ግን ጊዜውን ያተርፋል፣ የማይመለከተውን ሰው ደጅ አይጠናም፣ ባልንጀራውንም በሐሜት አያቆሽሽም።

ኦርቪል በዚያው ቀን ለመበለቲቱ ጻፈ። መልሱ በሁለት ሳምንት ደረሰ፤ በአጥር ላይ ጮክ ብሎ አነበበልኝ። «ቤቱን ለመሸጥ ከፈለግሁ ሦስት ዓመቴ ነው። የጠየቀኝ ሰው ግን አልነበረም። ለልጅዎ ከሆነ ደስ ይለኛል።»

ዓይኑን አባበሰና ደብዳቤውን አጠፈ።

«ዴልፊን መዝገብ ቤት የምትሄደው በስንት ሰዓት ነው?»

«ልታመሰግናት ነው?»

«እሱንም አደርጋለሁ» አለ። «መጀመሪያ ግን ቀድሜያት ልሰለፍ።»